አሮጌውን ሞደም ያስተማረው ገመቹ

ገመቹ ማረፉን የሰማሁት በስልክ ነው። በሌላ በምን ልሰማ ኖሯል? የአሰላ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆኜ ነው ያረጀሁት፤ የሰው ሠርግም መርዶም በጆሮዬ ነው ያለፈው። የደወለችው ሴት ልጁ ናት። ገና «ሃሎ» ስትል ነገሩ ገባኝ። «አባዬ ስምዎን አንሥቶ አይጠግብም ነበር፤ እንዳይቀሩ ብዬ ነው» አለችኝ።

አልቀረሁም፤ ሄጄም አለቀስኩ። ድንኳኑ ውስጥ የሰማሁት ወሬ ግን ከልቤ አናደደኝ። አንዱ ተነሥቶ «ትሑት ሰው ነበር» ይላል፤ ሌላው ይቀበልና «ዝምተኛ፣ ቁጥብ» ይላል። ማንን እንደቀበርን ግራ ገባኝ። ገመቹ ትሑት አልነበረም። ጉረኛ ነበር፤ ያውም አገር ያወቀው ጉረኛ። ሌላው ጉረኛ ጉራውን ነዝቶ ይተኛል፤ እሱ ግን ጉራውን ከነዛ በኋላ እውነት እስኪሆን ድረስ ላቡ ጠብ እስኪል ይሠራል። ይህን የሚናገርለት ሰው ስላጣሁ ነው እኔ ብዕር ያነሣሁት።

ዘመኑ የደርግ ማብቂያ አካባቢ ነው። ገመቹ አሰላ ውስጥ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት የመሣሪያ ኢንጂነር ነበር። ተወልዶ ያደገው ጎበሳ ነው፤ አባቱ ኦቦ ቱፋ እዚያው ስንዴ የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ። ትምህርቱን የጨረሰው ቡልጋሪያ ነው። እኔ መልኩን ከማየቴ በፊት ያወቅኩት ድምፁን ነው። ያኔ ከአሰላ አዲስ አበባ የሚደውል ሰው ሁሉ በእኛ እጅ ያልፍ ነበር። ደዋዩ እኛን ይጠራል፣ እኛ ናዝሬትን እንጠራለን፣ ናዝሬት አዲስ አበባን ትጠራለች። ሌላው ሰው ቁጥሩን ብቻ ተናግሮ ይጠብቃል። ገመቹ ግን መጀመሪያ የሁላችንንም ደኅንነት በየስማችን ይጠይቃል፤ ኦሮምኛ ለምትናገረው በኦሮምኛ፣ ለእኔ በአማርኛ፣ ሲቸኩል ደግሞ ሁለቱንም ቀላቅሎ። ከዚያ «ዛሬ መስመሩ ጥርት ያለ ነው፤ አይቋረጥም፤ አለቀ በቃ» ይላል። መስመሩን የያዝነው እኛ፣ ቃል የሚገባው እሱ።

ይቺ «አለቀ በቃ» መታወቂያው ነበረች። የሚላትም ሥራው ሲያልቅ ሳይሆን ገና ሳይጀመር ነው። አንድ የገበያ ቀን ሳጉሬ ላይ የውኃ መሳቢያ ሞተር ተበላሽቶ ተጠራ። የሞተሩን ክዳን እንኳ ሳይከፍት፣ ጀሪካን ይዘው ለተሰበሰቡት ሰዎች «እኩለ ቀን ላይ ውኃ ትቀዳላችሁ፤ አለቀ በቃ» ብሎ አወጀ። ከዚያ ሰዓቱን ከእጁ ፈታና አጠገቡ ለቆመች ሽንኩርት ሻጭ አስያዛት። ሥራ ሲጀምር ሁልጊዜ ሰዓቱን ለሰው ያስይዛል፤ ሰዓት እያየሁ አልሠራም ባይ ነው። ሞተሩን ሲከፍተው ለካስ ውኃ እንዳያፈስ የሚያግደው ጎማ ተበልቶ አልቋል፤ መለዋወጫው ደግሞ አዲስ አበባም አይገኝም። ገመቹ አንድ ጫማውን አወለቀና ሶሉን በቢላዋ ቆርጦ ጎማውን ሠራ። ውኃው የመጣው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ሰው ሲስቅበት፣ «እኩለ ቀን» ስል የየትኛው አገር እኩለ ቀን እንደሆነ አልተናገርኩም ብሎ ተከራከረ። አሰላ የገባው በአንድ ጫማ ነው፤ ያውም ደረቱን ነፍቶ።

አንድ ጊዜ፣ ነገሩን ሳታየው ለምን አለቀ ትላለህ ብዬ ጠየቅሁት። አንቱ ማለት ቀርቶ ኢንጂነር ስለው እንኳ ይቆጣ ስለነበር እንደ ወንድሜ ነው የማናግረው። «ዝም ብዬ ከጀመርኩ ሲከብደኝ እተወዋለሁ፣ ዘነቡ» አለኝ። «ሰው ፊት ከተናገርኩ ግን መሸሻ የለኝም።»

ከቡልጋሪያ ይዞት የመጣው ሌላው ጉድ ደግሞ አንገቱ ነበር። እዚያ አገር ሰው «አዎ» ሲል ራሱን ግራና ቀኝ ይወዘውዛል፤ «አይደለም» ሲል ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃል አሉ። ገመቹ ወደ አገሩ ተመልሶም ይህ ልማድ አልለቀቀውም። አንድ በዓል የእኛ አለቃ እትዬ አማረች ቤታቸው ጋበዙት። እትዬ አማረች፣ ከሚጣስ ሕግ የሚፈርስ ጣሪያ ይሻለኛል የሚሉ፣ ቆፍጣና የስልክ ቤት ሹም ነበሩ። «ልጨምርልህ ወይ?» ሲሉት ራሱን ወዘወዘ። እሳቸውም ጠገበ ብለው ዶሮውን አነሡበት። እሱ የሄደውን ድስት በዓይኑ ሲከተል አይቼ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ከጉራዎቹ ሁሉ አንዷ ግን እውነት ሳትሆን ቀርታበታለች። በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤቱ የትኛው የስንዴ ዘር ዋግ የሚባለውን በሽታ እንደሚቋቋም ለማወቅ በሙከራ ማሳዎች ላይ እየዘራ ይለካ ነበር። ልኬቱ በወረቀት ተጽፎ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እዚያ ባለው ትልቅ ኮምፒውተር ለመሰላት የሁሉም ክፍለ ሀገር ወረቀት ተራ ይጠብቃል። የአርሲ ውጤት ሲመለስ ገበሬው ዘርቶ ጨርሷል። አንድ ዓመት ሰኔ ሲገባ ኦቦ ቱፋ ልጃቸውን የቱን ልዝራ ብለው ጠየቁት። ገመቹ ውጤቱ አልደረሰውም፤ ግን አላውቅም ማለት አልሆነለትም። አንዱን ዘር መረጠና «ይኼን ዝሩ፣ አባ፤ አለቀ በቃ» አላቸው። መስከረም ላይ ዋግ ገባ። ማሳው በሙሉ ዝገት የመሰለ ዱቄት ለበሰ፤ ፍሬ የሚባል አልያዘም።

ኦቦ ቱፋ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። የማታውቀውን አትንገረኝ አሉት፤ ከዚያ ወዲያ ስለ እርሻቸው አንድም ነገር ጠይቀውት አያውቁም። አገር ምድሩ ምክር የሚጠይቀው ኢንጂነር አባቱ ቤት ሲገባ ስለ ዝናብ እንኳ የሚያወራው አጣ። ስልክ ቤት ተቀምጦ ይህን የነገረኝ ቀን ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። እኔ ደግሞ ድምፅ ሲሰበር አውቃለሁ።

ሳጥኑን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው፤ መጋዘን ውስጥ፣ ባዶ ጆንያ ተቆልሎበት። ቀድሞ የነበሩ ፈረንጆች ትተውት የሄዱት ሞደም ነው፤ አብሮት የጽሕፈት መኪና የሚመስል፣ ተርሚናል የሚሉት መሣሪያ ነበር። ተርሚናሉ ላይ የሚጻፈውን ሁሉ ሞደሙ ወደ ፉጨት ይለውጠዋል። የስልኩ እጀታ ሳጥኑ ላይ ባሉት ሁለት የጎማ ጉድጓዶች ውስጥ ይጋደማል፤ ፉጨቱ በስልክ መስመር አዲስ አበባ ይደርሳል፤ እዚያ ያለው ሞደም ፉጨቱን መልሶ ጽሑፍ ያደርግና ለትልቁ ኮምፒውተር ይሰጠዋል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመጣል። ወረቀት የለ፣ ተራ የለ፣ ለነዳጅ ኩፖን ደጅ መጥናት የለ። ገመቹ ጠጋገነውና በጋውን ሙሉ የማሳዎቹን ልኬት ሲልክበት ከረመ። ሐሳቡ ለመጪው ሰኔ የተረጋገጠ ውጤት ይዞ አባቱ ፊት መቆም ነበር።

መጀመሪያ ግን ከእኛ ጋር ተጣላ። በሕጋችን መሠረት የረጅም ርቀት ጥሪ ላይ ኦፕሬተሯ በየሦስት ደቂቃው መስመሩ ውስጥ ገብታ «ሦስት ደቂቃ ሞልቷል፤ ይቀጥላሉ?» ብላ መጠየቅ አለባት። የሚመልስላት ከሌለ ተነጋጋሪዎቹ ሄደዋል ብላ መስመሩን ያገናኘችበትን ገመድ ትነቅላለች። ሞደም ደግሞ ምን ብሎ ይመልስ? የኦፕሬተሯ ድምፅ ፉጨቱ ውስጥ ሲገባ ጽሑፉ ይዘበራረቃል፤ ቀጥሎ መስመሩ ይቋረጣል። አንዷ ባልደረባችን እንዲያውም ሰውዬው ታመው እያቃሰቱ ነው ብላ ደንግጣ ነው የነቀለችው። ገመቹ ከመሥሪያ ቤቱ እየሮጠ መጣ። ማዳመጫውን በየተራ ጆሯችን ላይ አድርጎ ፉጨቱን አሰማን፤ ይኼ የስንዴ ቁጥር ነው፣ ሕመምተኛ አይደለም ብሎ አስረዳን። እኛ ገባን። እትዬ አማረች ግን፣ ስንዴም ይሁን ሚኒስትር በየሦስት ደቂቃው ይጠየቃል አሉ። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ገመቹ ደቂቃው ሳይሞላ እየዘጋ፣ እንደገና እየጠራ፣ በቁርጥራጭ እንዲልክ ተስማሙ።

በሚያዝያ ሳጥኑ ደነቆረ። ገመቹ ያስደውላል፣ አዲስ አበባ ያነሣል፣ ሁለቱም ያፏጫሉ፣ አይግባቡም። አዲስ አበባ ያሉት ሞደማቸውን ለውጠው ኖሯል። የገመቹ ሳጥን የአሜሪካኖቹን ሥርዓት የሚከተል ነበር፤ አዲሱ የአውሮፓውያኑን። ፍጥነታቸው አንድ ነው፤ ነገር ግን የአንዱ ፉጨት ቀጭን ሲሆን የሌላው ይወፍራል፤ እያንዳንዱም የለመደውን ካልሰማ ስልኩ ላይ ሰው ያለ አይመስለውም።

ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ኃላፊ ደወለ። እኛ ኦፕሬተሮች አናዳምጥም፤ ይሰማናል እንጂ። ሰውዬው ለአሰላ አዲስ ሞደም የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪ እንደሌለ፣ ወደ ወረቀቱ መመለስ እንዳለባቸው፣ ተርሚናሉንም በግንቦት መጨረሻ መኪና ልከው እንደሚወስዱት ተናገረ። ወደ ወረቀቱ መመለስ ማለት ውጤቱ እንደገና ከዘር በኋላ መጣ ማለት ነው። ልኬቱ ሁሉ አዲስ አበባ ገብቶ የቀረው መልሱን መቀበል ብቻ ነበር።

«ግንቦት ሳያልቅ አሰላ በዚሁ በአሮጌው ሳጥን ታናግራችኋለች» አለ ገመቹ። «አለቀ በቃ።»

ሰውዬው ሳቀ። እንግዲያውስ መኪናውን ይዘን መጥተን ዓይናችን እያየ ትሞክራላችሁ፤ ካልሆነ ጭነን እንመለሳለን አለ። እኔ ገመዱን እንደያዝኩ ላብ አጠመቀኝ። ሳጥኑን ገና አልከፈተውም ነበራ።

በማግስቱ ስልክ ቤት መጣና ሰዓቱን ፈትቶ ለእኔ አስያዘኝ። ሐሳቡን ነገረን። ሳጥኑ ውስጥ ፉጨቱን የሚያቀጥኑና የሚያወፍሩ ትንንሽ ብሎኖች አሉ፤ ብሎኖቹ ብቻቸውን እስከሚፈለገው ድረስ ስለማያደርሱ ደግሞ አጠገባቸው ያሉት ጥቃቅን ዕቃዎች በሌላ መተካት አለባቸው። ለዚህ ከቡልጋሪያ ያመጣውን፣ ማንም እንዲነካው የማይፈቅደውን ሬዲዮ ሆዱን ቀዶታል። ትክክለኛውን ፉጨት የሚለካበት መሣሪያ ግን የለውም። ያለው ሰለሞን የሚባል፣ አዲስ አበባ የኮምፒውተሩ ቤት የሚሠራ ጓደኛ ነው። ሰለሞን የአዲሱን ሞደም ፉጨቶች አንድ በአንድ በስልክ ያሰማል፤ የገመቹ ሳጥንም በዚያው መስመር ላይ ያፏጫል። ሁለት ፉጨቶች ተቀራርበው ሳይገጥሙ ሲቀሩ ድምፁ ይርገበገባል፤ እየተቀራረቡ ሲሄዱ መርገብገቡ ይዘገያል፤ አንድ ሲሆኑ ይቆማል። ችግሩ የስልኩ እጀታ ሳጥኑ ላይ ስለሚጋደም ገመቹ ራሱ መስማት አለመቻሉ ነው። የሚሰማለት ሰው ፈለገ።

እትዬ አማረች መስመር በሚበዛበት ሰዓት አይሆንም፤ ሰው ምሳ ሲወጣ ሞክሩ አሉ። ሰው እንጀራውን ሲቆርስ እኔ በአንድ ጆሮዬ አዲስ አበባንና ሳጥኑን አዳምጣለሁ፤ በሌላው፣ በገመቹ አለቃ ስልክ በኩል እሱን አነጋግራለሁ። ይርገበገባል እላለሁ፤ ብሎኑን ይነካል። ባሰበት እላለሁ፤ ይመልሰዋል። ቀርቧል፣ ትንሽ፣ ትንሽ፣ አለፈህ። ስድብም ነበረበት፤ እኔ እሰድበዋለሁ፣ እሱ ብሎኑን ይሰድባል። የመጀመሪያው ፉጨት ሲገጥም፣ ያ ሁሉ መርገብገብ ድንገት ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ደስታው እኔኑ አስጮኸኝ፤ ናዝሬት ያለችው ኦፕሬተር ምን ሆናችሁ ብላ ገባችብን። ሳጥኑ የሚልካቸውንም የሚቀበላቸውንም፣ አራቱን ፉጨቶች እንዲህ እያልን አስተካከልናቸው። ትልቁን ኮምፒውተር ግን መሞከር አልቻልንም፤ ሰለሞን ያለ ፈቃድ ሊከፍትልን አልደፈረም።

የተቀጠረው ቀን መጣ። ኃላፊው ሁለት ሰዎችና ፒክአፕ ይዞ ገባ፤ መጫኛው ገመድ ሳይቀር ተዘጋጅቷል። ገመቹ ደግሞ ይባስ ብሎ ዘበኞቹን፣ ሾፌሮቹን፣ የሒሳብ ክፍሉን፣ መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ጠርቶ ተርሚናሉ ዙሪያ አቁሟል። ጥሪውን እኔ አገናኘሁ። ሁለቱም ወገኖች አፏጩ፤ የገመቹ ሳጥን መብራት በራ። ሰው አጨበጨበ። ተርሚናሉ መንጣጣት ጀመረ፤ ወረቀቱ ላይ የወጣው ግን ማንም የማያነበው የቁጥርና የምልክት ጥርቅም ነበር። ገመቹ ዘግቶ እንደገና ጠራ። ያው ነው። ከኃላፊው ሰዎች አንዱ ጎንበስ ብሎ የተርሚናሉን ሽቦ መንቀል ጀመረ አሉ።

ገመቹ በአለቃው ስልክ እኛን ጠራን። ፉጨቱ ልክ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አንድም የተርገበገበ የለም አልኩት። «አለቀ በቃ» አላለም። የማውቀው ሰው መስመር ላይ እያለ ያቺን ቃል ረስቶ አያውቅም። የስንዴው ነገር፣ የአባቱ ነገር ነው የታየኝ። እትዬ አማረች ፊቴን አዩና ማዳመጫውን ከራሴ ላይ ወስደው አጠለቁት። ሊያጽናኑት ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም።

«አይዞህ» አሉት። «ፈረንጆቹ አንገትህን እንዳገላበጡብህ ይኼንንም አገላብጠውብህ ይሆናል።»

ትንሽ ቆይቶ ከማዳመጫው ውስጥ የወጣው ሳቅ እኔ ከተቀመጥኩበት ድረስ ተሰማኝ። ገመቹ ሽቦ የሚነቅለውን ሰውዬ እጅህን አንሣ ሲለው ሰማን፤ ቀጥሎ «እትዬ አማረች፣ መስመሩን ለማንም እንዳይሰጡብኝ» አለና ሄደ።

ነገሩን በኋላ ነው ያስረዳን። ሞደም የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ «አዎ» እና «አይደለም»። በአሜሪካኖቹ ሥርዓት ቀጭኑ ፉጨት «አዎ» ነው። በአውሮፓውያኑ ደግሞ ወፍራሙ። እኛ ፉጨቱን አስተካከልን እንጂ ትርጉሙን አልነካነውም፤ ስለዚህ አዲስ አበባ «አዎ» ባለ ቁጥር አሰላ «አይደለም» እያለ ይሰማ ነበር። ገመቹ ይህን እንዳያስብ ያደረገው ራሱ ጥድፊያው ነው፤ ቀጭን ቀጭን ነው፣ ወፍራምም ወፍራም ነው ብሎ አልፎታል። መፍትሔው የሽቦዎችን ቦታ ማቀያየር ሆነ፤ የሚልኩትንም የሚቀበሉትንም። ሰው እንደከበበው ቀያየራቸው።

አሁን የቀረው የእኛ ሕግ ነው። የስንዴው ውጤት ረጅም ነው፤ ሦስት ደቂቃ አይበቃውም፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ ትልቁ ኮምፒውተር ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው። እትዬ አማረች ይህን ያውቃሉ። ተነሺ አሉኝና ወንበሬ ላይ ራሳቸው ተቀመጡ። የናዝሬትንና የአዲስ አበባን ኦፕሬተሮች በየስማቸው ጠርተው፣ ይህን ጥሪ የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ ትንፋሽ የምታስገባ ሴት እንዳትኖር አሉ። ከዚያ ጥሪውን አገናኙ። ፉጨቱ ተነሣ። እትዬ አማረች መነጋገሪያውን ዘጉና ዓይናቸውን በግድግዳው ሰዓት ላይ ተከሉ።

ደቂቃው ሲሞላ፣ መነጋገሪያው እንደተዘጋ፣ ለግድግዳው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሦስት ደቂቃ ሞልቷል፤ ይቀጥላሉ?» አሉ። ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ ራሳቸው መለሱ፤ «ይቀጥላሉ።»

ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ነው ሳቄን ያፈንኩት። እሳቸው ግን አልሳቁም። ደቂቃው በሞላ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ይመልሳሉ። ያ ፉጨት እየተንቆረቆረ ቀጠለ። እኔ ቆሜ ነው የጸለይኩት፤ ለሞደም የጸለየ ሰው ካለ እኔ ነኝ። በመጨረሻ ድምፁ ቆመ፤ መስመር በምናገናኝበት ስዊችቦርድ ላይ የጥሪው መብራት ጠፋ። ተቋርጦ ይሁን አልቆ ይሁን አላወቅንም። ወዲያው ከገመቹ አለቃ ስልክ ጥሪ መጣ። ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የሰማሁት የገመቹን ድምፅ አይደለም፤ የሒሳብ ክፍል ሴቶች እልልታ ነው። ከዚያ ገመቹ፣ «ዘነቡ፣ ይነበባል! እያንዳንዱ ዘር በየስሙ ይነበባል!» ብሎ ጮኸብኝ። እትዬ አማረች ማዳመጫውን ተቀብለው፣ ስልክ ላይ አይጮኽም ብለው ገሠጹት። ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብቦ የገመቹን እጅ ጨበጠ፤ ገመዱንም ጠቅልሎ ባዶ መኪናውን ይዞ ተመለሰ። ከመሄዱ በፊት በሌሎች ክፍለ ሀገሮች እንደዚሁ የደነቆሩ አሮጌ ሞደሞች ስላሉ አዲስ አበባ መጥተህ አድስልን ብሎት ነበር። ገመቹ እኔ አልመጣም፣ እነሱ ይምጡ አለ። መጡም። በዚያ ክረምት ከየክፍለ ሀገሩ በአውቶቡስ ተጭነው የመጡ ሳጥኖች እዚህ ተምረው ነው የተመለሱት፤ እኔም ምሳዬን እየዘለልኩ ስከሳ ከረምኩ።

የዚያን ቀን ከሰዓት ግን ገመቹ ወረቀቱን ይዞ እኛ ዘንድ መጣ። በመጀመሪያ ለሮቤና ለሳጉሬ የገበሬ ማኅበራት አነበበ። ከዚያ ጎበሳን ጥሪልኝ አለኝ። ጎበሳ ያለው ኦፕሬተር መልእክተኛ ልኮ ኦቦ ቱፋን ከማሳቸው አስጠራ። እስኪመጡ ገመቹ ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶት ቆሞ ጠበቀ። መጡ። ንግግራቸው በኦሮምኛ ነው፤ እኔም ይገባኛል። ዋግን የተቋቋመውን ዘር ስም ነገራቸው። ኦቦ ቱፋ ስሙን አስደገሙት።

«ይህን ያልከው አንተ ነህ፣ ወይስ ታይቶ ነው?» አሉት።

«ታይቶ ነው፣ አባ። በየማሳው ተዘርቶ፣ ተለክቶ፣ ተሰልቶ ነው። እኔ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።»

«ቶሌ» አሉ ሽማግሌው። «ነን ፈጫሳ።» እሺ፣ እዘራዋለሁ ማለታቸው ነው። ሌላ አልጨመሩም፤ ደኅና ዋልም ሳይሉት ዘጉ። ገመቹ ማዳመጫውን መለሰልኝ፤ ሰዓቱን ተቀብሎኝ በዝግታ አሰረ።

ክረምቱ አለፈ። መስከረም ላይ በየወረዳው ዋግ ታየ ሲባል ከገመቹ ይልቅ እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት። ከጎበሳ የሚመጣ ጥሪ ሁሉ ያስደነግጠኝ ጀመር። እሱ እንደሆነ በዚያ ሰሞን ስለ አባቱ ማሳ አያነሣም፤ ሄዶም አላየውም፤ ሳይጠሩኝ አልሄድም ብሏል።

ኅዳር ላይ ከጎበሳ ጥሪ መጣ። ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ መልእክተኛ ሳይላክባቸው፣ በራሳቸው እግር ስልክ ቤት ሄደው፣ አሰላ ያለውን ልጄን አገናኙኝ ብለው። ድምፃቸው በጣም ስለሚጎላ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ራቅ አደረግሁት። የገመቹን መሥሪያ ቤት ጠራሁ፤ ገመቹ ለመስክ ሥራ ሮቤ ወጥቷል አሉኝ። ይህንኑ ነገርኳቸው። መልእክት ካለዎት ሮቤ ድረስም ቢሆን ፈልጌ አደርስልዎታለሁ አልኳቸው።

«ስንዴው ቆሟል በዪልኝ» አሉ። «ወገብ ይደርሳል። ዋግ አልነካውም።» ከዚያ፣ «ለከርሞ የቱን እንደምዘራም እሱ ይንገረኝ» አሉኝ።